ተማሪዬን ለማስፈቀድ ዘንገና ድረስ

ወደ አዊ የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የዓረቡንና የሙስሊሙን ዓለም ታሪክ አስተምራለሁ፤ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ሙስሊም ሴት ነኝ። ይህን ትምህርት የሚመርጥ ተማሪ ጥቂት ነው፤ መርጦ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ የሚዘልቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ከነዚያ አንዷ ይታይሽ ናት። የዘንገና ገበሬ ልጅ፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ የዓረብኛ ፊደል ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ የቆጠረች። ጡረታ ስወጣ ትምህርቱን ትረከበኛለች ብዬ በልቤ ይዣት ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ የሚያነብ ሰው እኔም የራሴ ጉዳይ እንደነበረኝ ይወቅ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ይታይሽ ዓረብ አገር፣ አማን ከተማ፣ አንድ ዓመት ዓረብኛ የምትማርበት ዕድል አገኘች። አባቷ በስልክ «አይሆንም» አሏት። ምክንያት አልሰጡም። ዕድሉን ከሰጧት ሰዎች ጋር የቀጠሮዋ ቀን እየቀረበ ሲመጣ ቢሮዬ መጥታ፣ «መምህር፣ እርስዎ መጥተው ቢያነጋግሯቸው እንቢ አይሉም» አለችኝ። አባትየው ልጄ ሃይማኖቷን ትቀይርብኛለች ብለው የፈሩ መስሎኝ፣ የምመልሰውን እያዘጋጀሁ፣ የመንገዱ የጸጥታ ችግር ረገብ ባለበት ሰሞን አብረን ተነሣን።

ሐሙስ

ገና ሳይነጋ ከአውቶቡስ ተራ ወጣን። የጎጃም መንገድ ለእኔ አዲስ ነው። እኛ ወደ ደሴ ስንሄድ ጣርማ በርን አልፈን ቆላ እንወርድና ብዙ መንገድ ቆላ ለቆላ እንጓዛለን፤ እዚህ ግን አባይ በረሃ ድረስ ቁልቁል ወርዶ ወዲያው ሽቅብ መውጣት ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ በረሃውን ጨርሰን ደጀን እስክንገባ ዓይናቸውን አልገለጡም። ደብረ ማርቆስ ለምሳ የቆምነው ሾፌሩ ከመረጠው ሆቴል ነበር፤ የሙስሊም ምግብ ቤት ፍለጋ ብወጣ አውቶቡሱ ጥሎኝ እንዳይሄድ ፈርቼ ሽሮ በላሁ። ይታይሽ ሥጋ ማዘዝ ትችል ነበር፤ እሷም ሽሮ አለች።

እንጅባራ ስንደርስ እየመሸ፣ ዝናብም እየጣለ ነበር። ሰዎቹ ከተማዋን አሁንም በድሮ ስሟ ኮሶበር ይሏታል። ረዳቱ ከዝናቡ ለማምለጥ ተጣድፎ የይታይሽን ጆንያ ከላይ ጣለልንና የእኔን ሻንጣ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ቀጠለ። እኔ በቀጭን ሹራብ መሐል አስፋልት ቀረሁ። የእንጅባራ ብርድ የደሴን ያስንቃል። ይታይሽ አባቷ ዘንድ ደወለች። አባቷ «እሺ» ብለው ዘጉት።

በባጃጅ ወደ ዘንገና መገንጠያ፣ ከዚያ በእግር ትንሽ ሄደን ቤታቸው ደረስን። ግቢው በቀርከሃ የታጠረ፣ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። በረት ውስጥ አንድ ዳማ ፈረስ ቆሟል፤ በአዊ ፈረስ የሌለው አባወራ ጎዶሎ ነገር ነው አለችኝ ይታይሽ። አባቷን የአገሩ ሰው ሁሉ አያ ምንችል ይላቸዋል። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ከሰላምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «ሻንጣዎ ዳንግላ ወርዷል፤ አይጨነቁ» የሚል ሆነ። ዳንግላ ሱቅ ያለው ጓደኛቸው ኑሩ ጋ ደውለው፣ እሱ አውቶቡሱን መናኸሪያ ጠብቆ አስወርዶታል።

እናቷ እትዬ ዘውዴ እርጥብ ልብሴን አስወልቀው የራሳቸውን ቀሚስ አለበሱኝ። ከሣጥናቸውም ገና ያልተለበሰ ነጠላ አውጥተው፣ «ለስግደትዎ» አሉና ጓዳውን ለቀቁልኝ። ስመለስ ራት ቀርቧል፦ ድንች ቅቅል፣ ሽሮና የገብስ ዳቦ። የቀረበልኝ ሳህን ከሌሎቹ የተለየ ነው። ይታይሽ ግድግዳው ላይ ለብቻ ወደተሰቀሉት ሳህን፣ ድስትና ብርጭቆ እያሳየችኝ፣ «የጋሽ ኑሩ ዕቃ ነው፤ የእኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም» አለችኝ። በልጅነቴ ደሴ እናቴም ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንዲህ ያለ ዕቃ ለይታ ታስቀምጥ ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን አይቼ አላውቅም።

ከራት በኋላ የመጣሁበትን ጉዳይ ልጀምር ስል አያ ምንችል ገባቸው።

«መጀመሪያ እንግዳ ይረፍ» አሉ። «ነገሩ የትም አይሄድም።»

ዓርብ

ሻንጣዬን ለማምጣት ከይታይሽ ጋር ዳንግላ ሄድን። በሚኒባሱ መስኮት የማየው ሁሉ ዛፍ ነው፤ ገበሬው ከእህል ይልቅ ለከሰል የሚሆን ግራር ተክሏል። አዲስ ቅዳም ላይ የከሰል ጆንያ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ግንብ ተደርድሯል። አዲስ አበባ ቤቴ የሚነደው ከሰል ከዚህ እንደሚመጣ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ኑሩ ዳንግላ ገበያ አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ስንደርስ ከአንዲት ባላገር ጋር በአገውኛ እየተከራከሩ ሻሽ ይሸጣሉ። ሻንጣዬ ከባንኮኒያቸው ኋላ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጁምዓ ደርሶ ስለነበር እሳቸው ሱቃቸውን ዘግተው ወደ መስጊድ ሄዱ፤ እኔ ቤታቸው ከባለቤታቸው ጋር ሰገድኩ። ከዚያ ምሳ ቀረበ። ለእኔ ጥብስ፣ ለይታይሽ ደግሞ ዓርብ ስለሆነ በዘይት የተሠራ ምስር ወጥ፣ እሱም በተለየ ሳህን። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ «የምንችል ዕቃ ነው» አሉኝ ባለቤታቸው ራሳቸው።

ጋሽ ኑሩ እያጎረሱኝ ስለ ሥራዬ ጠየቁ።

«የሙስሊሞችን ታሪክ ያስተምራሉ አሉኝ።»

«አዎ።»

«ዳንግላ አለችበት?»

«የለችም።»

«እሺ» አሉና ጥብሱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

የልጅቱ አባት ለምን እንቢ እንዳሉ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው ይታይሽን አዩ። እሷ ወደ ሳህኗ አቀርቅራለች። «እሱ ራሱ ቢነግርዎ ይሻላል» አሉኝ። «ለማንኛውም ነገ እመጣለሁ። ምንችል ጠቦት ገዝቷል፤ እኔ ካልባረክሁት እርስዎ አይበሉለትም።»

ወደ ዘንገና ስንመለስ ገና ፀሐይ ነበረች። እትዬ ዘውዴ ሐይቁን ላሳይዎት ብለው ይዘውኝ ወጡ። ዘንገና ዙሪያውን በገደልና በዛፍ የተከበበ ክብ ውሃ ነው፤ ደሴ አጠገብ ያለው የእኛ ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር ሲታይ ሰፊ ነው፣ ይህኛው ግን ጠባብና ጥልቅ። እሳቸው ውሃውን አላዩትም። ለእሳቸው ብርቅ አይደለም። ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥን ጠየቁኝ።

«ይታይሽ የምትሄድበት አገር ከቤይሩት ምን ያህል ይርቃል?»

እንደ ልማዴ አስረዳኋቸው። በመካከላቸው ሶርያ እንዳለች፣ በአንድ ሱልጣን ሥር አንድ አገር እንደነበሩ፣ ከዚያ ፈረንጆች ወሰን አስምረው እንደለያዩዋቸው፣ ድሮ ነጋዴው ከዚህ ወደዚያ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ይመላለስ እንደነበር ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«አሁንስ መሄድ ይቻላል?»

«ቀላል አይደለም። ለምን ጠየቁኝ?»

«ትልቋ ልጄ አበባ ቤይሩት ናት» አሉ። «ሰው ቤት ልትሠራ ሄዳ ነው። መጀመሪያ ትደውል ነበር። ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፣ ድምጿ የለም።»

ይታይሽ እህት እንዳላት አላውቅም ነበር። ዓመታት አስተምሬያታለሁ፣ ቤቴ መጥታ በልታለች፤ አንድም ቀን አላነሣችልኝም። ማታ ስጠይቃት ድንች እየላጠች፣ «ክፍል ውስጥ የሚነሣ ነገር አይደለም ብዬ ነው» አለችኝ። የተቆጣኋት መስሏት ነበር። አልተቆጣሁም። ለአባትየው ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ ላልተጠየቀ ጥያቄ እንደነበር ግን ያን ጊዜ ገባኝ።

ቅዳሜ

ጋሽ ኑሩ ረፋዱ ላይ ቢላዋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ጠቦቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዙረው ባርከው አረዱት። አያ ምንችል እግሩን ይዘውላቸዋል። እነሱ ግን ከዚያ ሥጋ አይበሉም፤ ለቤተሰቡ አያ ምንችል ራሳቸው በስመ አብ ብለው ዶሮ አረዱ። ጓዳ ሁለት ምድጃ ነደደ፣ ሁለት ወጥ ተሠራ፤ እልፍኝ ውስጥ ሁለት መሶብ ቀረበ። እኔና ጋሽ ኑሩ ከአንዱ፣ እነሱ ከሌላው፣ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተን በላን። እትዬ ዘውዴ ከእኛ መሶብ ባይጎርሱም እኔን «በሞቴ» ከማለት አላረፉም።

እጅ ከታጠብን በኋላ አያ ምንችል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አርፈዋል» አሉኝ። «የመጡበትን አውቃለሁ። እርስዎ ትምህርት ይላሉ። ይቺ ግን እህቷን ፍለጋ ነው የምትሄደው። አንዷን ፍለጋ ሁለተኛዋን አልሰድም። ነገሩ ይኸው ነው።»

እትዬ ዘውዴ ወደ ውጭ እያዩ፣ «እኔ ብትፈልጋት ደስ ይለኛል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ባልና ሚስቱ ይህን ነገር ፊት ለፊት ሲነጋገሩበት የመጀመሪያቸው እንደሆነ ገባኝ።

ጋሽ ኑሩ፣ «ልጅቱን ራሷን ጠይቃት እንጂ፣ ምንችል» አሉ።

ይታይሽ በክፍል ውስጥ እንኳ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ልጅ ናት። አሁንም ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«አባ፣ እሷን ፍለጋ ብቻ ቢሆን በደላላ በሄድኩ ነበር። ከኮሶበር የሚሄድ ሰው ጠፍቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ፍለጋ ነው?»

«እነዚያ ሠራተኛ የሚያመጡ የዓረብ ቤቶች እንዴት እንደዚያ እንደሆኑ ማወቅ እፈልጋለሁ። ድሮ አያት፣ ልጅ፣ ምራት በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር፤ እንደ እኛው። በአንድ ሰው ዕድሜ ሁሉም ፎቅ ቤት ገባ። ምራትና እህት የሚሠሩትን ከሌላ አገር የመጣች ሴት ትሠራው ጀመር። እኔ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ስለ ነዳጁ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ጋዜጣው ይናገራሉ። ያቺ ሴት የለችበትም። አበባ የለችበትም።»

ይህንኑ አሳብ ለመመረቂያ ጽሑፏ አቅርባልኝ ነበር። እኔ ወረቀቱ ዳር ላይ «ርዕሱ ሰፊ ነው፣ አጥብቢው» ብዬ ጽፌ መልሼላታለሁ።

አያ ምንችል ልጃቸውን ጥቂት አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ እዚያ አገር ኖረዋል አሉኝ። ሰዎቹ እንዴት ያሉ ናቸው?»

ይህን ጥያቄ ፈተና ላይ ቢያመጡብኝ ብዙ ገጽ እጽፍ ነበር። እዚያ ተቀምጬ ግን ሁለት ነገር ብቻ መጣልኝ። አንደኛውን ብቻ ብነግራቸው ለልጅቱ ይፈቅዱላታል። ይህን አውቄአለሁ፤ ሁለቱንም ነገርኳቸው።

«አማን ተማሪ ሳለሁ ኡሙ ሳሚ የምትባል ሴት ቤት ተከራይቼ ነበር» አልኳቸው። «ታምሜ ስተኛ የምስር ሾርባ በእጇ እያጠጣች ነው ያዳነችኝ። እናቴ ከዚያ በላይ አታደርግልኝም። የዚያች ሴት ሠራተኛ ከስሪላንካ የመጣች ልጅ ነበረች። ኡሙ ሳሚ ወደ ገበያ ስትወጣ ልጅቱ ላይ በሩን ከውጭ ትቆልፍባት ነበር። ሾርባውን ያጠጣችኝም፣ በሩን የምትቆልፈውም አንድ ሴት ናት።»

ይታይሽ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ጉዳዩን በገዛ አፌ ያበላሸሁት መሰለኝ።

«ገባኝ» አሉ አያ ምንችል። ከዚያ ተነሥተው የተረፈውን የጠቦት ሥጋ ለጋሽ ኑሩ ያስቋጥሩ ጀመር።

እሑድ

አያ ምንችል አስቀድሰው ተመለሱ። እኔ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መመለሴ ነው። ሚኒባሱ በእነሱ ደጅ ስለሚያልፍ መገንጠያው ላይ እጠብቃለሁ ብል፣ ሞልቶ ነው የሚያልፍዎ፣ ኮሶበር መናኸሪያ ድረስ እኔ እወስድዎታለሁ አሉ። ይታይሽ ልትከተል ስትል «አንቺ ከእናትሽ ጋር ሁኚ» አሏት። እትዬ ዘውዴ ነጠላውን አጣጥፈው ሻንጣዬ ውስጥ ከተቱት፤ ብመልሰውም አልተቀበሉኝም። ስለ ልጃቸው አንድ ቃል አልጨመሩም።

እኔ በባጃጅ፣ እሳቸው በፈረሳቸው ኮሶበር ደረስን። ሚኒባሱ ገና አልሞላም። አያ ምንችል ፈረሱን ከአንድ ሱቅ ምሰሶ አሰሩና ወደ መናኸሪያው ግንብ ጥግ ጠሩኝ። ከኪሳቸው ስልካቸውን አወጡ።

«አበባ የምትሠራበት ቤት ቁጥር ነው» አሉ። «ይጠራል። አንዲት ሴት ታነሣዋለች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷም ትናገራለች፣ አንግባባም፣ ይዘጋል። ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው።»

«ይታይሽ ዓረብኛ ታውቃለች እኮ። ለምን ለእሷ አልሰጧትም?»

«መጥፎ ነገር ከሆነስ? ልጄ ትስማው?» አሉ። «ሴትዮይቱ የምትለው ምን እንደሆነ አላውቅም። ሞታለችም እያለችኝ ሊሆን ይችላል። ትናንት ለጥቅምዎ ብለው አልዋሹኝም። እርስዎ ይስሙትና እንዳለ ይንገሩኝ።»

የአማን ዓረብኛዬ ዝጓል፤ የቤይሩቱ ደግሞ ለየት ያለ ነው። ደወልኩ። ያረጀች ሴት ድምፅ አነሣው። ከኢትዮጵያ መሆኔን ነግሬ ስለ አበባ ጠየቅኋት።

«ያ የሚደውለው ሰውዬ አጠገብሽ ነው?» አለችኝ።

«አዎ። አባቷ ነው።»

«አባቷ ነው» አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር። «መጀመሪያ የሚቆጣኝ መስሎኝ እዘጋበት ነበር። ኋላ ላይ ቁጣ እንዳልሆነ ገባኝ፤ እስኪጨርስ መስማት ጀመርኩ። አገራችን ሲከፋ ሠራተኛ ማኖር አቃተን። ፓስፖርቷን ሰጥቼ ሸኘኋት። ፀጉር ቤት ትሠራለች። ባለፈው ዒድ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ልጅ ወልዳለች፣ ሴት ልጅ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ለምን ለቤተሰብሽ አትደውዪም ብላት ‹ምን ብዬ› አለችኝ።»

ቁጥሯን ጠየቅኋት። ሳላስፈቅዳት አልሰጥም፣ ዛሬውኑ ግን አባትሽ ይፈልግሻል እላታለሁ አለች። ሌላ ነገር ልትጨምር ስትል ካርዱ አለቀና ተቋረጠ።

አያ ምንችል አፌን ያዩ ነበር። በሰማሁት ቅደም ተከተል ነገርኳቸው። በሕይወት አለች፣ ከዚያ ቤት ወጥታለች፣ ፀጉር ቤት ትሠራለች። መውለዷ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። የባላገር አባወራ ናቸው፤ ስለ ጋብቻ ሴትዮዋ ያለችኝ የለም።

«ይቀጥሉ» አሉ።

«ልጅ ወልዳለች። ሴት ልጅ። ደህና ናቸው አለች።»

ግንቡን በእጃቸው ደገፍ አሉ። የቀረውንም ነገርኳቸው።

«‹ምን ብዬ› አለች?»

«አዎ።»

«እኔስ ለሴትዮይቱ ስደውል ምን እያልኩ ነበር? ‹ደህና ናት ወይ› ነው የምለው። ሌላ ምን አለ» አሉ። ስልካቸውን ተቀብለው ወደ ኪሳቸው እየመለሱም፣ «ይታይሽ ትሂድ። እኔ የፈራሁት ሬሳ ፍለጋ እንዳትሄድ ነበር» አሉኝ።

ስለ ይታይሽ ወረቀቶች ልነግራቸው ጀመርኩ። አልሰሙኝም። ሻንጣዬን ሚኒባሱ ላይ አስቀምጠው፣ ሳልሳፈር ጥለውኝ በመሄዳቸው ይቅርታ ጠይቀው፣ ፈረሳቸውን ፈትተው ወጡ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ለመነሣት ብዙ አልቆየም። ወደ ዘንገና በሚወስደው አስፋልት ደረስንባቸው። ከመንገዱ ዳር፣ ጋቢያቸው ወደ ኋላ እየተርገበገበ፣ ፈረሱን በሶምሶማ ይነዱታል። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋላቸው፤ ያውቃቸዋል መሰለኝ። ዞር ብለው አላዩንም።

ይታይሽ መስከረም ላይ ሄደች። ለመመረቂያ ጽሑፏ ርዕሱን እንዳለ እንድትይዘው ነግሬያታለሁ። ከመሄዷ በፊት አበባ ለእናቷ እንደደወለች ነገረችኝ፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም።